ዴገን የሚለው ቃልና ልጄ

በፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገት ላይ ማንም ሳያስተምረው ጀርመንኛ ማንበብ የቻለ ዘበኛ ከእኔ በቀር አልነበረም። አማርኛ ማንበብ የቻልኩት በር ስጠብቅ ነው፤ ጀርመንኛውን ደግሞ ጀርመኖቹ አሠሪዎቼ አገር ለቀው ሲሄዱ ከተዉልኝ አሮጌ መዝገበ ቃላት ተማርኩት። በደርግ ጊዜ ቀበሌያችን የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ሲፈልግ፣ ዲፕሎማ ያላቸው እያሉ የተመረጥኩት እኔ ነኝ።

ከሁሉ የምወደው የቃላትን ዘር መቁጠር ነበር። አንድ ቀን ለልጄ «ዴገን» የሚለውን ቃል አስረዳሁት። የጥንት ጀርመኖች ጦረኛን እንዲህ ይሉት ነበር። ከዚያ በፊት ቃሉ የጌታ አገልጋይ፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ ልጅ ማለት ነበር።

«መጀመሪያ ልጅ፣ ቀጥሎ አሽከር፣ ቀጥሎ ጦረኛ» አልኩት።

«ታዲያ አባዬ፣ ይሄ ልጅ መቼ ነው የሚያርፈው?» ብሎ ሳቀብኝ።

ዐሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር። ሽማግሌዎች ፊት ጠመኔ ይዞ ሲቆም ለማየት ጓጉቼ ረዳት አስተማሪ አድርጌ አስመዘገብኩት። ለረዳትነት ዐሥራ ስምንት ዓመት መሙላት ስለሚያስፈልግ፣ መዝገቡ ላይ በገዛ እጄ ሁለት ዓመት ጨመርኩለት።

በዓመቱ ብሔራዊ ውትድርና መጣ። ቀበሌው ዐሥራ ስምንት የሞላቸውን ሲመለምል የልጄን ስም ከዚያው መዝገብ ላይ ለቀመ። እናቱ ቀበሌው የተሳሳተ መስሏት፣ «እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት እህቴ ጋ ይደበቅ፤ ባሕር ዛፉ ውስጥ ማን ያገኘዋል?» አለች። እኔ ግን በክርክር የሚረታኝ ሰው ያለ አልመሰለኝም። እውነተኛ ዕድሜው ያለበትን የክርስትና ወረቀት ይዤ ልጁን ራሴ ቀበሌ ወሰድኩት።

ሊቀመንበሩ መዝገቡን ገልጦ ወደ እኔ አዞረው።

«ጋሼ፣ ይሄ የማን ጽሕፈት ነው?»

«የእኔ።»

«አስተማሪ ይዋሻል እንዴ?»

በሩ ላይ የቆመው ታጣቂ፣ «ጽሕፈቱ ግን ያምራል» ብሎ ሳቀ።

ልጁን እዚያው አስቀሩት። «አባዬ፣ ሂድ በቃ፤ እማዬ ብቻዋን ናት» አለኝ።

በሦስተኛው ዓመት ሁለት የቀበሌ ሰዎች መርዶውን ይዘው መጡ።

እኔ እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። ማሰልጠኛው በር ድረስ ሁለት ጊዜ ሄጄ ሹራብና በሶ አስገብቼለታለሁ። ዕድሜው እንዲታረም ለአራት መሥሪያ ቤቶች ራሴ አርቅቄ አመልክቻለሁ። አንዱ እውነቱ ከእኔ ጋር እንደሆነ በማኅተም ጽፎልኛል፤ የደረሰኝ ከመርዶው በኋላ ነው። አስከሬን ሳይኖር ፍትሐት አስደርጌለታለሁ። ዕድሜውን የጨመርኩት እኔ መሆኔንም ለእናቱ ነግሬአታለሁ፤ ይህን ለማለት ብቻ ሰባት ዓመት ፈጅቶብኛል።