አፀደ ያላየችው መጨረሻ

አፀደ ቴአትር ትወዳለች፤ የአንድም ቴአትር መጨረሻ ግን አይታ አታውቅም። ጥፋቱ ያለ አንዳች ማስተባበያ የባሏ ነው።

ባሏ ዓለምሰገድ የአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነው ይባላል እንጂ እውነተኛ ሥራው ማስታረቅ ነው። ከአትላስ ጀርባ፣ እነሱ ከሚኖሩበት ሰፈር ጀምሮ እስከ ገርጂ ድረስ፣ ጋሽ ዓለምሰገድ ያላስታረቃቸው ባልና ሚስት ካሉ ገና ያልተጣሉ ናቸው። ሰው ሲጨቃጨቅ ከሰማ እግሩ አያርፍለትም። ውይይት ታክሲ ሲሳፈር እንኳ ሾፌሩና ረዳቱ ክፉ ቃል ከተለዋወጡ መሀል ገብቶ ሳያስማማቸው አይወርድም፤ በዚህ አመሉ ስንቴ መውረጃው አልፎት በእግሩ ተመልሷል።

እንዲህ ያለ ሰው ቴአትር ቤት አይወሰድም። ቴአትር ማለት ጋቢህን አስተካክለህ ተቀምጠህ ሰው ሲጣላ የምታይበት ቦታ ነዋ! መጀመሪያ በሄዱ ጊዜ ሁለት ወንድማማቾች በአባታቸው ቤት ሲካሰሱ አይቶ ከመቀመጫው ተነሣና «አንድ ዘመድ እንኳ የላቸውም?» ብሎ ጮኸ። አስተናጋጆቹ እጁን ይዘው ሲያስወጡት አፀደም ቦርሳዋን አንሥታ ተከተለችው። በሁለተኛው፣ አባት ልጁን የሚረግምበት ላይ ሲደርስ፣ «ነፋስ ልቀበል» ብሎ ወጣ፤ በጓሮ ዞሮ ተዋናዩን ርግማኑን እንዲያነሣ ሲለምን ተያዘ። ሦስተኛውን ባናነሣው ይሻላል። እዚያ ላይ ወንበር ተሰብሯል።

ታዲያ ለምን ብቻዋን አትሄድም? ባለሱቋ ጎረቤቷ ፈትያም ይህንኑ ነው የምትላት።

«ወላሂ አፀደ፣ ሰውዬሽን እቤት ቆልፊበትና ነይ ከኔ ጋር እንሂድ!»

አፀደ ትስቃለች እንጂ አታደርገውም። እሑድ ቴአትር ሲሄዱ ዓለምሰገድ ግራጫ ኮቱን ይለብሳል፤ መንገድ ሲሻገሩ እጇን ይይዛል። በሌላው ቀን እጁ ላይ የሚገኘው የተጣላ ሰው እጅ ነው። እጇ ሲያዝ ደስ ይላታል፤ ስለዚህ ትወስደዋለች።

መከራዋ ሰኞ ነው። በምትሠራበት የታይፕ ክፍል ሰኞ ጠዋት ከሥራ በፊት ቴአትር ይወራል። አንዷ መጨረሻው አስለቀሰኝ ትላለች፤ ሌላዋ ደግሞ መጨረሻው ተንዛዛ ትላለች። መጨረሻውን ያላየችው አፀደ ምን ትበል? ስለ መብራቱ ታወራለች። ስለ ሴትየዋ ቀሚስ፣ ስለ መጋረጃው ቀለም፣ በግራ በኩል ስለነበረው ወንበር ታወራለች። ይባስ ብሎ የክፍሉ ኃላፊ ኣምደሚካኤል ይህን የጥልቅ እውቀት ምልክት አድርጎ ያዘው።

«እናንተ ታሪኩን ነው የምታወሩት፤» ይላል መነጽሩን እየጠረገ። «አፀደ ግን ጥበቡን ታያለች። እስቲ አፀደ፣ አጨራረሱን እንዴት አየሽው?»

«መጨረሻውን ለተመልካቹ መተው ነው የሚሻለው፤» ትላለች አፀደ። ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። እሷ ግን አንጀቷ እርር ይላል።

በሰማንያዎቹ መጨረሻ ላይ አገር ያወራለት አንድ አዲስ ቴአትር መጣ። በትዳር ላይ ነው የሚያጠነጥነው። ፈትያ አይታው መጥታ ሁለት ቀን ሙሉ ስኳር ስትመዝን ትፈዝ ነበር። «የመጨረሻው... አልነግርሽም! ራስሽ እይው፤» አለቻት።

አፀደ ቆረጠች። ባሏን ከመቀመጫው ላይነሣ በሚካኤል ስም አስማለችው። መሐላውን ደግሞ ብቻውን አላመነችውም፤ ከፈትያ ሱቅ አንድ ከረጢት ከረሜላ ገዝታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

እሑድ ከሰዓት አዳራሹ ጢም ብሏል። መድረኩ ላይ ሳሎን ቤት አለ፤ የካርቶን ግድግዳና የካርቶን በር ተበጅቶለታል። ባል ሆኖ የሚሠራው መኩሪያ፣ ሚስት ሆና የምትሠራው የሺአረግ ናት። መኩሪያ ገና ከመግባቱ በወጡ ምክንያት ጮኸ። ዓለምሰገድ አፉን ከፈተ፤ አፀደ ከረሜላ አጎረሰችው። መኩሪያ የሚስቱን እናት ሰደበ፤ አሁንም ሌላ ከረሜላ። እንዲህ እያሉ ግማሹን ተሻገሩ። የዓለምሰገድ ጉንጭ በሁለት በኩል ተነፋፍቶ ጥርሱን የታመመ ሰው መስሏል፤ አፀደ ግን በሕይወቷ እንዲህ ተደስታ አታውቅም። መጨረሻው እየተቃረበ ነው!

መኩሪያ ሻንጣ አውጥቶ የሚስቱን ልብስ እየወረወረ ይከት ጀመር። የሺአረግ ቀስ ብላ ተነሣችና «ዛሬስ እናገራለሁ፤» አለች። አፀደ እጇን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከረጢቱ ባዶ ነበር።

ቀና ስትል ዓለምሰገድ አጠገቧ የለም። የመድረኩን ደረጃ እየወጣ ነው። ባለጌ አይደለምና ዘው ብሎ አልገባም፤ ኮፍያውን አወለቀና የካርቶኑን በር አንኳኳ። ግድግዳው ሁሉ ተወዛወዘ።

«ቤቶች! እንደምን ዋላችሁ!»

መኩሪያ የሚያደርገው ቢጠፋው «ይግቡ፤» አለ። በቃ፤ አለቀለት።

«ሳንቀመጥ ነው የምንለምነው፤» አለ ዓለምሰገድ ከረሜላውን በአንድ ጉንጩ ሰብስቦ። ብቻውን መሆኑ ያኔ ትዝ አለውና ወደ ተመልካቹ ዞረ። «እዚያ ጋ ነጭ ቆብ ያደረጉት አባት፣ እባክዎ ይምጡልኝ። ከዘራ የያዙትም።»

አለመታደል ነው፤ ሁለቱም መጡ። ባለቆቡ አቶ ኤርሳዶ፣ ባለከዘራው አቶ ዋቅቶላ ይባላሉ። ከዚያ በፊት ተያይተው አያውቁም፤ ግን ሦስቱ ጎን ለጎን ሲቆሙ አብረው ያደጉ ይመስሉ ነበር። አዘጋጁ ከመጋረጃው ጀርባ ፀጉሩን ይነጫል። መኩሪያ ወደ ቃለ ተውኔቱ ሊመለስ ሞከረ፤ «ይህቺን ሴት ከቤቴ...» ከማለቱ አቶ ዋቅቶላ ከዘራቸውን መድረኩ ላይ ቋ አደረጉ።

«ዝም በል! በእኛ ፊት ነው?»

የሺአረግም ዕድሏን ሞከረች። «አባቶቼ፣ እኔም የምናገረው...»

«ተይ ልጄ፣» አላት ዓለምሰገድ፣ «አንቺ ቻይው። ቤት የሚቆመው በሴት ነው።»

አዳራሹ «ታረቁ! ታረቁ!» እያለ ያጨበጭብ ጀመር። መኩሪያ ላብ በላብ ሆኖ የሽማግሌዎቹን ጉልበት ሳመ፤ ሚስቱንም አቀፈ። መጋረጃው ተዘጋ። ሕዝቡ እልል እያለ ወጣ። ከመቀመጫዋ ያልተነሣችው አፀደ ብቻ ነበረች።

በማግስቱ ኣምደሚካኤል መነጽሩን እየጠረገ ጠየቃት።

«መጨረሻው ምን ሆነ?»

«ባሌ ሆነ፤» አለች አፀደ።

ባሏን አኮረፈችው። ምግብ ታቀርባለች፣ ሸሚዝ ትተኩሳለች፣ ቃል ግን ከአፏ አይወጣም። ዓለምሰገድ መጀመሪያ «ያልፋል» ብሎ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ግን ግራ ገባው። ስንቱን ቤት ያስታረቀ ሰው በገዛ ሳሎኑ የሚቀመጥበት ጠፋው። ራሱን በራሱ ሊያስታርቅ አይችል ነገር! ሽማግሌ ያስፈልገዋል፤ የሰፈሩ ሽማግሌ ደግሞ እሱ ራሱ ነው። የሚስቱ ድምፅ ናፈቀው። ብታማርርበት እንኳ በወደደ።

ቅዳሜ ከሰዓት በር ተንኳኳ። አፀደ ስትከፍት አቶ ኤርሳዶ፣ አቶ ዋቅቶላ፣ መኩሪያና የሺአረግ ተደርድረው ቆመዋል። ዓለምሰገድ ሽማግሌዎቹን አፈላልጎ፣ ተዋናዮቹንም ቴአትር ቤት ድረስ ሄዶ «እኔ አስታርቄአችሁ የለ? ተራው የእናንተ ነው!» ብሎ ለምኗቸው ነው።

«ሳንቀመጥ ነው የምንለምነው፤» አሉ አቶ ኤርሳዶ። «የኛ እመቤት፣ ይቅር በሉት። ካሳም ካሉ ይክፈል።»

አፀደ በባሏ ፊት በሳምንቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን ከፈተች።

«ካሳዬ ከሻንጣው በኋላ ያለው ነው። እዚሁ አሳዩኝ።»

ተዋናዮቹ ተያዩና ሳቁ። ከቁም ሣጥኑ ላይ እውነተኛ ሻንጣ ወረደ፤ ሶፋው ተገፋ። ዓለምሰገድ በሁለቱ ሽማግሌዎች መሀል ተቀመጠ፤ አንዱ ቀኝ እጁን፣ አንዱ ግራ እጁን ጠፍረው ያዙት። መኩሪያ ልብስ ወረወረ። የሺአረግ ተነሥታ «ዛሬስ እናገራለሁ፤» አለች።

ተናገረችም። ለብቻዋ ስለበላችው እራት፣ ታማ ሳለ «ምን ሆንሽ?» ያላላት ሰው ስለመጥፋቱ፣ ለእንግዳ ሁሉ ሲስቅ ለእሷ ስለሚዘጋው የባሏ ፊት ተናገረች። ዓለምሰገድ ሊነሣ ተፈራገጠ፤ አቶ ዋቅቶላ ከዘራቸውን ጭኑ ላይ አጋደሙበት። የሺአረግ ስትጨርስ «ሰማኸኝ?» አለችው ባሏን። መኩሪያ መስታወት እያየ «ሰማያዊው ሸሚዜ የት ነው?» አላት። እሷም ሻንጣዋን አንሥታ በእውነተኛው በር ወጣች። የግቢው ውሻ ጮኸባት። አለቀ።

አፀደ እንባዋ እየወረደ አጨበጨበች፤ ውስጧ ቅቤ ጠጣ። አቶ ኤርሳዶም አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ዓለምሰገድ ብቻ ፈዞ በሩን ያያል።

«ይህን ሁሉ ልትናገር ነበር?» አለ በመጨረሻ።

«አዎ፤» አለች አፀደ። «መጨረሻው ላይ ነው የምትናገረው። አንተ ሁልጊዜ ከዚያ በፊት ነው የምትነሣው።»

ዓለምሰገድ ሽማግሌዎቹን አየ፤ ምንም አላገዙትም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቃት።

«አንቺስ... የምትናገሪው አለሽ?»

ሽማግሌዎቹ ነገሩ ገብቷቸው ቀስ ብለው ሊነሡ ሲሉ አፀደ ሶፋውን አመለከተቻቸው።

«እናንተም ተቀመጡ፤» አለች። «አለኝ።»