የዳርሲ ግራ ጉልበት

የተጋጣሚው የሬድ ዲር ቡድን ኳስ ተቀባይ በሙሉ ፍጥነት መጣበት። ዳርሲ ዋሲሊክ ፊቱን ወደ ሰውየው አድርጎ የኋሊት ሮጠ። ሰውየው ድንገት ወደ ውስጥ፣ ወደ ሜዳው መሀል፣ ታጠፈ። ዳርሲ አብሮት ሊታጠፍ ሲል ግራ ጉልበቱ እምቢ አለው፤ ኳሱ በአናቱ ላይ አልፎ ተቀባዩ እጅ ገባ። በዚያ ከሰዓት ያመለጠው ሦስተኛው ኳስ ነበር። ሦስቱም በዳርሲ በኩል፣ ሦስቱም ወደ ውስጥ።

«አያቴ፣ ቤትህ ግባ! ብርድ ይመታሃል!» አለው ተቀባዩ።

ዳርሲ የሬድ ዲር ተጠባባቂዎች ወደቆሙበት ዞሮ አየ። የቡድን ጓደኛው የነበረው ኮርቢን ፌር የራስ ቁሩን በእጁ ይዞ ሣር ሣሩን ይመለከታል።

ዳርሲ ለሳስካቱን ክለብ ስምንት ዓመት በተከላካይነት፣ ኳሱ በእጅ የሚወረወርበትን የካናዳ ፉትቦል ተጫውቷል። አባቱ ዋካው በምትባል የገጠር ከተማ ስንዴ አራሽ ነበሩ፤ ልጃቸውን ሜዳ መጥተው የሚያዩት አጨዳው ካለቀ ብቻ ነበር። ደንቡ ከያንዳንዱ ቡድን የተወሰኑ ያገር ልጆች ይሰለፉ ስለሚል፣ ከደቡብ የመጡት አሜሪካውያን ሁለት ዓመት ሙሉ «አንተ ለቁጥር ነህ» ሲሉት ከረሙ። በሦስተኛው ዓመት ዘጠኝ ኳስ ነጠቀ። ከዚያ ወዲያ እንዲያ ያለው የለም።

ጉልበቱ የተጎዳው አምና ጥቅምት ላይ ነው። ለሚስቱ ለማርላ እንኳ አልነገራትም። የነገረው ለኮርቢን ብቻ ነው፤ ሐይቁ በረዶ ከሠራ በኋላ በላዩ ላይ በጋራ በሚያቆሟት የአሳ ማጥመጃ ጎጆ ውስጥ፣ መንጠቆ ጥለው ሲጠብቁ።

«ወደ ውጭ ስዞር ደህና ነው። ወደ ውስጥ ሲሆን ይከዳኛል።»

«ሐኪሙ ያውቃል?»

«አብደሃል እንዴ? በማግስቱ ያባርሩኛል። አንድ ዓመት ነው የምፈልገው። ዘጠነኛውን ልጨርስና በቃኝ።»

«እንግዲያው እንደብቀዋለና» አለ ኮርቢን።

ደበቁት። ኮርቢን ተቀባይ ስለነበር ያን ወር በሙሉ ባንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ እየሮጠ እየመጣበት አለማመደው። ዳርሲ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገብቶ ከቆመ፣ ተቀባዩ ክፍት ወደሚመስለው ወደ ውጭው ይታጠፋል። ዘዴው ሠራ። የውድድሩ ግማሽ እስኪያልፍ ማንም አልነቃም።

በሐምሌ ክለቡ ኮርቢንን አሰናበተው፤ ሬድ ዲር ወሰደው። ከድሮ ክለብህ ጋር ልትጋጠም ስትል አዲሶቹ አሰልጣኞች ወንበር ስበው የድሮ ቡድንህ ሜዳ ላይ የሚግባባባቸውን የእጅ ምልክቶች ይጠይቁሃል። ሁሉም ይጠይቃል፤ ሁሉም ይናገራል። ስለዚህ የሳስካቱን ተጫዋቾች ሰኞ ዕለት ምልክቶቻቸውን በሙሉ ቀየሩ። ዳርሲም አብሮ አጠናና ተረጋጋ። ጉልበቱን ከምልክት አልቆጠረውም ነበር።

ጨዋታው እንዳለቀ ኮርቢን ሜዳው መሀል ጠበቀው።

«ምልክቱን ነግረሃቸው ቢሆን ቅር አይለኝም ነበር» አለ ዳርሲ።

«ምልክቱንማ ቀየራችሁት። የማውቀው ሁሉ ከንቱ ሆነ።»

«እና?»

«ሌላ የምታውቀው የለም ወይ አሉኝ። ገና የሙከራ ተጫዋች ነኝ፣ ዳርሲ። ምን ልበል?»

«ጎጆው ውስጥ እኔና አንተ ብቻ ነበርን።»

«አውቃለሁ።»

«ማርላ እንኳ እስካሁን አታውቅም፣ ሰውዬ!»

ኮርቢን እጁን ዘረጋ። ዳርሲ እጁን አየውና ወደ መልበሻ ክፍል ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ረዳት አሰልጣኙ ደወለለት። «አለቃ ይፈልግሃል። የጨዋታ ደብተርህን ይዘህ ና።» ደብተሩን የሚያስረክበው የሚሰናበት ብቻ ነው፤ ደብተርህን ይዘህ ና የተባለ ተጫዋች ለምን እንደተጠራ አይጠይቅም።

ዋና አሰልጣኙ ደብተሩን ተቀብሎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ጉልበትህ?»

«ካምና ጥቅምት።»

«ማን ማን ያውቃል?»

«አሁን? ሬድ ዲር በሙሉ።»

ሬድ ዲር ኮርቢን ፌርን ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ አሰናበተው።