ሁለት ስም ያለው አብራሪ

ብሥራትን በኬንያዋ ሞያሌ የማያውቀው የለም፤ ቁጭ ብሎ ያየው ግን ጥቂት ነው። ሻይ ቢጋብዙት ቆሞ ይጠጣል። ለቅሶ ቤት ቢሄድ በር ላይ ሆኖ እግሩን ያቀያይራል። ሥራው በፀሐይ ኃይል የሚሠሩ የውሃ ፓምፖችን መጠገን ሲሆን፣ ዛሬ ቦሪ፣ ነገ ኦዳ፣ ከነገ ወዲያ ኡራን እያለ ሞተር ሳይክሉን እንደ ፈረስ ሲጋልብ ይውላል። ከጉድጓዱ ውሃ ሲወጣ ሰዎቹ ምርቃት ሳይጨርሱ እሱ መፍቻውን ሰብስቦ ሄዷል።

በዚያ ዓመት ግን ብሶበት ነበር። ጠዋት ጠዋት ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው የአውሮፕላን ማረፊያ ይሄድና አጥሩን ይዞ ቀይ አፈሩን ያያል። አውሮፕላን ባይመጣም ያያል። ምክንያቱን የምታውቀው እናቱ ዘርፌ ብቻ ናት፤ ልጇ አብራሪ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብሥራት በሃያ ሁለት ዓመቱ እንደ ብዙዎቹ የአገሩ ልጆች ደቡብ አፍሪካ ወረደ። ከአንዲት ትንሽ ከተማ ዳር ሱቅ ከፈተ። ከሱቁ ጀርባ የበረራ ክበብ ሜዳ ነበር። የክበቡ መካኒክ የዕለት ደንበኛው ሆነና አንድ ቅዳሜ፣ «የአውሮፕላኑን ሞተር አየር ላይ ልሞክረው ነው፤ ና ተሳፈር» አለው። ብሥራት ሱቁን ዘግቶ ተሳፈረ። ከዚያ በኋላ ከሱቁ የተረፈችው ሁሉ ለበረራ ትምህርት ሆነች፤ አንድ ሰዓት በወር፣ ሲሳካ ሁለት። በአምስተኛው ዓመት የግል አብራሪ ፈቃድ አገኘ። በአሥራ አንደኛው ዓመት ሱቆች በተዘረፉበት ሰሞን ሱቁ ከነፓስፖርቱ ነደደ። ፈቃዱና የበረራ መዝገቡ ግን ክበቡ ውስጥ በቁም ሳጥን ተቀምጠው ስለነበር ተረፉ። እነሱን ይዞ ወደ እናቱ ተመለሰ።

ፈቃዱ ኬንያ ውስጥ የሚሠራው ወደ ኬንያ ፈቃድ ሲቀየር ነው። ለዚያም የሰጠው አገር «አዎ፣ እኛ ነን የሰጠነው» ብሎ ማረጋገጫ መላክ አለበት። የሐኪም ምርመራ አለ፤ የአየር ሕግ ፈተና አለ፤ መጨረሻ ላይ ከፈታኝ ጋር መብረር አለ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ደግሞ የውጭው ፈቃድ ሳያልቅ ነው። ሊያልቅ የቀረው አምስት ወር ነበር።

ብሥራት ናይሮቢ ድረስ አውቶቡስ ተሳፍሮ ሄደ። መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ ጨዋ ሰው ነበር። ፈቃዱንና መታወቂያውን ጎን ለጎን አስቀምጦ ሁለቱን ደጋግሞ አየና፣

«ወንድሜ፣ እነዚህ የሁለት ሰው ወረቀቶች ናቸው» አለው።

ፈቃዱ ላይ የተጻፈው «ብሥራት ወልደየስ» ነው። መታወቂያው ላይ «ብሥራት ሁቃ»።

«ሁለቱም እኔ ነኝ።»

«ይሆናል። አንድ ሰው መሆንህን በቃለ መሐላ አረጋግጠህ አምጣ።»

ብሥራት በመልሱ አውቶቡስ ሌሊቱን ሙሉ ጥፍሩን ሲበላ አደረ። ሞያሌ ውስጥ መታወቂያ ያለው ሰው ስለ መታወቂያው ጮክ ብሎ አያወራም። ስንቱ ዓመታት ይጠብቃል፤ ስንቱ «አንተ የወዲያኛው ነህ» ተብሎ ይመለሳል። የእሱ ደግሞ ታሪክ አለው። በሰማንያ ሦስት ዓመተ ምሕረት አባቱ ኢትዮጵያ ውስጥ ሜጋ ላይ ሲሞት ዘርፌ የሦስት ዓመት ልጇን አዝላ ድንበር ተሻገረች። ኡራን ላይ ሁቃ የሚባል ቦረና አስጠጋቸው፤ ሦስት ክረምትም ከቤተሰቡ ጋር ኖሩ። ልጁ ሲያድግም በሁቃ ልጅነት ተመዘገበ። በአሥራ ስምንት ዓመቱ መታወቂያ ጠየቀ፣ «ጠብቅ» ተባለ፤ አራት ዓመት ጠበቀ። መጠበቁ ሲያንገበግበው ወደ ኢትዮጵያ በኩል ተሻግሮ፣ አጎቱን ምስክር አድርጎ በወላጅ አባቱ ስም ፓስፖርት አወጣና ወደ ደቡብ ወረደ። መታወቂያው የወጣው እሱ ከሄደ በኋላ ነበር።

ቃለ መሐላውን እንድታዘጋጅለት የሄደባት ጠበቃ ሙጂባ ከገበያው በላይ ባለች ጠባብ ቢሮዋ ሆና ይህን ሁሉ ሰማች። እስኪጨርስ አላቋረጠችውም። ከዚያ፣

«ተቀመጥ» አለችው።

«ቆሜ እሰማለሁ።»

«እሺ ቁም። ሁቃ አባቴ አይደለም ብለህ ከማልክ፣ መታወቂያዬን ያወጣሁት በሐሰት ነው ማለትህ ነው። ያን ቀን ፈቃዱም መታወቂያውም ይሄዳል። ወልደየስ አባቴ አይደለም ካልክ ደግሞ ፈቃዱ የሌላ ሰው ይሆናል።»

«ታዲያ ምን ልበል?»

«እውነቱን። ግን መጀመሪያ እውነቱን አንተ ራስህ እወቀው። ሁቃ ሲያስመዘግብህ ምን ብሎ ነው? ለወረቀት ብቻ ነው? ወይስ ሌላ ነገር አለ? ሂድና ጠይቅ።»

ዘርፌ ልባሽ ጨርቅ ትሸጣለች። ቤት ሲደርስ የተከመሩ ሸሚዞችን እያጠፈች ነበር። የጠበቃዋን ጥያቄ ሲደግምላት እጇ ቆመ።

«ሽማግሌዎች ተሰብስበው ነበር» አለች። «ወይፈን ታርዷል። አንተን መሀል አስቀመጡህ። ብዙ ተናገሩ፤ ቋንቋቸውን ያኔ አልሰማም ነበር። እሺ በይ ሲሉኝ እሺ አልኩ። ልጅ ይዤ በሰው ደጅ ተቀምጬ ምን ልል ኖሯል?»

«እንዴት እስከ ዛሬ አትነግሪኝም፣ እማዬ?»

«መቼ ቁጭ ብለህ ጠየቅኸኝ?»

ብሥራት ወደ በሩ አየ። እሷ ግን አልጨረሰችም።

«ፓስፖርትህ ነዷል። የአባትህ ፎቶ እንኳ የለኝም። ስሙ ያለበት ነገር በዓለም ላይ ያ ፈቃድህ ብቻ ነው። እሱንም በሁቃ ስም ልታስለውጠው ነው?»

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሞተሩን አስነስቶ ወደ ኡራን ነጎደ። መንገዱ አቧራና ድንጋይ ነው። ሎሪ ሲመጣ ዳር ይዞ የሚያሳልፈው ሰው ያን ቀን ከሎሪው ጋር ሊጋፋ ምንም አልቀረው። ሁለት ጊዜ ወደቀ። ጉልበቱ ደምቶ ነው የደረሰው።

ሁቃ ሰማንያን ያለፉ አዛውንት ናቸው። ከውሃው ገንዳ አጠገብ በትራቸውን ተደግፈው ግመሎቻቸው ሲጠጡ ያያሉ። ሰላምታው በወጉ ተዳረሰ፤ የከብቱ ሰላም፣ የዝናቡ ሰላም፣ የሰፈሩ ሰላም። ብሥራት በኦሮምኛ እየመለሰ በውስጡ ይቃጠላል። በመጨረሻ አልቻለም።

«አባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት። እኔን እንደ ልጅዎ አድርገው ሲያስመዘግቡኝ...»

«እንደ ምን?» አሉ ሁቃ ፊታቸውን አዙረው።

«እንደ ልጅዎ።»

«‹እንደ› የምትለዋን ማን አስተማረህ? ከተማ ነው?» በትራቸውን መሬት ላይ መቱ። «አንተ ጉዲፈቻ ነህ። ወይፈን ጥዬልሃለሁ፣ ሽማግሌ ቆጥሬልሃለሁ፣ ጎሳዬ ሰምቷል። ቦረና በጉዲፈቻ የወሰደውን ልጅ ከአብራኩ ከወጣው አይለይም። ከመንግሥት ወረቀት በፊት ነው ልጄ የሆንከው። ወረቀቱ በኋላ መጣ።»

ብሥራት መታወቂያው ያለበትን ኪስ ዳሰሰ። ከደቡብ አፍሪካ ከተመለሰ ወዲህ መታወቂያውን እንደ ሰረቀው ዕቃ ኪሱ ውስጥ ደብቆ ሲዞር፣ የሁቃን ስም ሲጠራ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ፣ እኚህ ሰው እዚህ ገንዳ ዳር ልጄ እያሉት ኖረዋል።

«የወለደኝ አባቴ ስምስ?» አለ።

«እሱን መቼ ቀማሁህ? እሱ ወለደህ፣ እኔ ወሰድኩህ። ሁለቱንም ጻፈው። ይልቅ ምንድን ነው የምታወጣው ወረቀት?»

«የአውሮፕላን መንጃ።»

አዛውንቱ አየት አደረጉትና ሳቁ። «ሞተሩን ሳትወድቅ የመንዳት ወረቀት ይሰጥሃል እንዴ?» አሉ ጉልበቱን እያዩ።

በሳምንቱ ሁቃ በሎሪ ከተማ ገቡ፤ በጉዲፈቻው ጉባኤ ላይ ከነበሩት ሽማግሌዎች በሕይወት የቀሩትን ሁለቱን አስከትለው። ቺፍ በሚባለው የአካባቢው የመንግሥት ሹም ፊት ቆመው መሰከሩ። ቺፉ ደብዳቤ ጻፈ፣ ሁቃ አውራ ጣታቸውን በቀለም ነክረው አተሙ። ሙጂባም ቃለ መሐላውን አረቀቀች፤ ከወልደየስ ተወልዶ፣ በቦረና ወግ ሁቃ በጉዲፈቻ ያሳደጉት ብሥራት በሁለቱም ስሞች የሚጠራ አንድ ሰው ነው የሚል። ብሥራትም እንደ ቆመ ፈረመበት።

ቀሪው መጠበቅ ሆነ። መጠበቅ ደግሞ ለእሱ ከሁሉ የከፋው ነው። ከደቡብ አፍሪካ የሚመጣው ማረጋገጫ አንድ ወር አለፈው፣ ሁለት ወር ተጠጋው። ብሥራት በቀን ሦስት ጊዜ ስልኩን እየከፈተ ደብዳቤ መድረሱን ያያል። ፓምፕ ሊጠግን ሄዶ ብሎን ረስቶ ይመለሳል። የከተማው ሰው ነገሩን ሰምቶ ነበርና፣ «ብሥራት፣ ጫት ልትጭንበት ነው?» ይለዋል። የግል አብራሪ ሰውም ጭነትም በክፍያ እንደማያመላልስ ሲያስረዳ፣ «ታዲያ ለምኑ ነው?» ይሉታል። እሱም ሞተር ሳይክሉን ያስነሣል። ብቻ መሬት ላይ ሆኖ የሚያባርረው ነገር፣ አየር ላይ ሲሆን እንደሚተወው ያውቃል።

ማረጋገጫው መጣ። ሐኪሙም ዓይኑን፣ ጆሮውን፣ ልቡን አይቶ አሳለፈው። የአየር ሕጉን ፈተና ግን ወደቀ። ጥያቄዎቹን ከሁሉ ቀድሞ ጨርሶ፣ መልሶ ሳያያቸው ተነሥቶ ወጥቶ ነበር።

ለበረራ ፈተናው የሚያዘጋጀው ካፒቴን ሻሪፍ ነበር፤ የላሙ ተወላጅ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው። የፈተናውን ውጤት አየ። አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ላይ አስቀምጦት ወደ መንደርደሪያው ወሰደው። ናይሮቢ ከፍታዋ ብዙ ነው፤ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ አውሮፕላን ከመነሣቱ በፊት ረጅም መንገድ ይሮጣል። ብሥራት የተማረው ከባሕር ብዙ በማይርቅ ዝቅተኛ አገር ነው። እዚያ በለመደው ርቀት ላይ መሪውን ወደ ራሱ ሳበ። አውሮፕላኑ አፍንጫውን አነሣ፣ ጥቂት ተንሳፈፈ፣ ከዚያ ፍጥነት ማነሱን የሚያስጠነቅቀው ጡሩምባ ጮኸ። ሻሪፍ መሪውን ቀስ ብሎ ወደ ፊት ገፋው። ጎማው መሬት ነካ፣ እንደገና ሮጡ፣ ተነሡ።

ከፍ ካሉ በኋላ ነው ሻሪፍ የተናገረው።

«ሊነሣ አልፈለገም ነበር። አንተ ነህ የፈለግኸው።»

«ይቅርታ ካፒቴን።»

«ይቅርታህን ለኔ አትስጠኝ። ፍጥነቱ እስኪሞላ ጠብቅ። ነፍስህ ብትቸኩልም እጅህ አይቸኩል።»

በዚያ ሳምንት ስድስት ጊዜ ተነሡ፣ ስድስት ጊዜ አረፉ። በስድስተኛው ሻሪፍ እጁን ከጭኑ ላይ አላነሣም። ብሥራትም የሕጉን ፈተና ሲደግም የመጨረሻዋ ደቂቃ እስክታልቅ ወንበሩን አልለቀቀም። አለፈ። ፈታኟ ሴት ደግሞ ከፍታ ላይ ሳሉ ኃይሉን በድንገት ቀንሳ፣ «ሞተርህ ሞቷል፤ የት ታርፋለህ?» ስትለው፣ ሦስት ጊዜ ተነፈሰ፣ ነፋሱን አየ፣ ከዚያ በግራ በኩል ያለውን ሜዳ በጣቱ አሳያት።

አዲሱ ፈቃድ የወጣው አሮጌው ሊያልቅ አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። ስሙ እንደ መታወቂያው ነበር፤ ብሥራት ሁቃ።

ይዞት ሞያሌ ሲገባ ዘርፌ ሱቋ ውስጥ ነበረች። አዲሱን ተቀብላ አገላብጣ አየችና መለሰችለት።

«እንኳን ደስ ያለህ» አለችና ሸሚዞቿን ወደ ማጠፍ ተመለሰች።

«አሮጌውን አልወሰዱብኝም፣ እማዬ» አለና ከደረት ኪሱ አውጥቶ ሰጣት። «ቀኑ ያልፍበታል እንጂ ያንቺ ነው። አንቺው ጋ ይቀመጥ።»

ዘርፌ የፈረንጅ ፊደል አታነብም። «ወልደየስ የሚለው የቱ ጋ ነው?» አለችው። አሳያት። በጣቷ ከዳር እስከ ዳር ተከተለችው። ከዚያ የዋጋ መጻፊያ ብዕሯን አነሣችና ያንን የደረቀ ወረቀት ገልብጣ፣ በጀርባው ላይ ቀስ እያለች ጻፈች። «የመቶ አለቃ ወልደየስ ጥላዬ።»

ብሥራት በዚያው ቀን የሚመለሰውን የናይሮቢ አውቶቡስ ሊይዝ ቦርሳውን በትከሻው አንግቶ ነበር፤ በማግስቱ ከሻሪፍ ጋር የበረራ ቀጠሮ አለው። የተጻፈውን አንብቦ ቀና አለ።

«የመቶ አለቃ ነበር እንዴ?»

«ነበር። የወታደር ሚስት መሆኔ እዚህ እንዳይሰማ ፈርቼ ነው። ማዕረጉን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ላንተም።»

«ሌላስ?»

ዘርፌ የሸሚዙን ክምር ገፋ አድርጋ ቦታ ለቀቀችለት። ቦርሳውን ከትከሻው አወረደ። ስለ ሜጋ ጀምራ፣ ስለ ሠርጋቸው፣ ስለ መጨረሻው ሳምንት ስትነግረው አውቶቡሱ ጡሩምባውን እየነፋ በሱቁ ደጅ አለፈ። ብሥራት ለሻሪፍ፣ «ቀጠሮውን ወደ ሐሙስ ይግፉልኝ» ብሎ መልእክት ላከና ስልኩን አጠፋው።