ብስክሌቴን እየገፋሁ ቢዮ አዋሌ

እሁድ ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ብስክሌቴን ከግቢ አወጣሁ፤ ግን አልወጣሁባትም። አገር ለማየት የተነሳሁ እንዳይመስላችሁ። ኪንታሮት ይዞኝ፣ ሰው በማያውቀኝ ቦታ መድኃኒት ፍለጋ ነው። በዚያ በደርግ ዘመን ሥራዬ ድሬዳዋ ላይ ቴሌግራም ማደል ነበር፤ ከከዚራ መጋላ፣ ከመጋላ ለገሃሬ ቀኑን ሙሉ ፔዳል ስመታ እውላለሁ። አለቃዬ ካወቀ ብስክሌቷን ለሌላ ሰጥቶ እኔን መጋዘን ያስገባኛል። መጋዘን ማለት እስከ ጡረታ ከአይጥ ጋር መኖር ነው።

ከደጋ ተዛውሬ ከመጣሁ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ዘመድ የለኝም። ቴሌግራም አዳይ ደግሞ ወዳጅ አይበዛለትም። በዚያ ላይ ጦርነቱ አለ፤ እኔን ደጁ ላይ ያየ ሰው መርዶ መስሎት ወረቀቱን ሳይከፍት ፊቱ ይለዋወጣል። የሰው ወግ የማገኘው ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው አልዪ ቤት ብቻ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ በርጫ ተሰብስበን፣ ጫት እየቃምን እስኪመሽ እንጫወታለን። መቀመጥ ካቃተኝ ወዲህ እሱም ቀረ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሥራ በዛብኝ እያልኩ ሸሸኋቸው። ባለፈው ሐሙስ በደጃፋቸው ሳልፍ ወጋቸውን ድንገት አቋረጡ። ከፋኝ፤ ግን አልጠየቅኳቸውም።

ኬላው ላይ

ከከተማው መውጫ ላይ ጠመንጃ ያነገተ ሚሊሺያ አስቆመኝ። የይለፍ ወረቀቴን አየት አደረገና ወደ ብስክሌቷ ዞረ። ጎማዎቹን ተጫነ፣ ፍሬኑን ሞከረ።

«ጓድ፣ ይሄ ብስክሌት ደህና ነው። ለምን ትገፋዋለህ?»

ካቴናው እየወለቀ አስቸገረኝ አልኩት። ለካስ ሰውየው ጠመንጃ ከመያዙ በፊት ብስክሌት ጠጋኝ ኖሯል! ጠመንጃውን ግንቡ ላይ አስደግፎ፣ ተንበርክኮ፣ ምንም ያልሆነውን ካቴና አጠበቀልኝ። እጁን በሱሪው ጠረገና እስቲ ንዳና አሳየኝ አለ። ምን ይደረግ፣ ወጣሁባት። ያን ሰዓት ያየሁትን ጠላቴም አይየው። ከመታጠፊያው እስክሰወር ድረስ እየሳቅኩ ነዳሁ፤ እሱም ከኋላዬ እጁን ያውለበልባል። ከተሰወርኩ በኋላ ወርጄ መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ሕመሙ ብቻ አልነበረም። በዚያ ወር ሳልለምነው መልካም ያደረገልኝ ሰው እሱ አንድ ነው፤ እሱንም ዋሸሁት።

ሽቅቡ

ፀሐይዋ ሳትከር ዳገቱን ተያያዝኩት። ግራርና ቁልቋል፣ ከዚያ ድንጋይ፣ ከዚያ ደግሞ ድንጋይ። ወተት ይዘው ወደ ከተማ የሚወርዱ ሴቶች አለፉኝ። አንዷ ቆም ብላ በኦሮምኛ ብስክሌትህ ታማለች ወይ አለችኝ። አዎ ታማለች አልኳት። እግዜር ይማራት ብላ ሄደች፤ እኔም ብቻዬን ሳቅኩ። ለሰው ብነግረው ደስ ባለኝ፤ የሚነገረው ግን አልነበረም። ውሃ ይዣለሁ፤ እንደ ልማዴ ግን ለመመለሻ ብዬ ቆጥቤ አልጠጣሁትም።

ቢዮ አዋሌ

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ደረስኩ። ጋሽ ዘለቀ የሚባሉ ሽማግሌ ድሬሰር እዚያ እንዳሉ ቴሌግራም ያደረስኩላት አንዲት ሴት ነግራኝ ነበር። ክሊኒኩ እሁድ ዝግ ነው፤ ቤታቸው ግን ከጎኑ ነው። ቁጭ በል አሉኝ። ቆሜ ይሻለኛል አልኩ።

«እንግዲያው ነግረኸኛል» አሉና በሩን ዘጉ።

አይተው ሲያበቁ በኮርቻው ላይ ያለኝን ቂም ሁሉ ዘረገፍኩላቸው። ስፖንጅ አሰርኩበት፣ የበግ ቆዳ አለበስኩት፣ ምን ያላደረግኩት አለ!

«ኮርቻው ያባብሰዋል እንጂ ጥፋቱ የሱ ብቻ አይደለም» አሉኝ አዋዋሌንና አመሻሼን ከጠየቁ በኋላ። «በዚህ ሙቀት ስትጋልብ ውለህ ውሃ አትጠጣም። ጫቱ ምግብ ይዘጋሃል፣ ሆድህን ያደርቀዋል። ከዚያ ፍራሽ ላይ ተቀምጠህ ታመሻለህ። ልጄ፣ ጫቱን ተው።»

ሌላውንም አንድ በአንድ ነገሩኝ፦ ውሃ በብዛት፣ ፓፓያ፣ ካልተነፋ ዱቄት የተጋገረ ቂጣ፤ ሽንት ቤት አለማማጥ፤ ጠዋትና ማታ ለብ ያለ የጨው ውሃ ውስጥ መቀመጥ፤ ሁለት ሳምንት ቴሌግራሙን በእግር ማድረስ። ደሙ ካልቆመ ሳላፍር ሆስፒታል እንድሄድ፣ የሚያቃጥሉና ቅጠል የሚያስሩ ዘንድ ግን ዝር እንዳልል አስጠነቀቁኝ። ገንዘብ ብሰጣቸው አልተቀበሉም።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ሆዴ ባባ። ጫቱን መተው አላስፈራኝም፤ ሰዎቹን ማጣት እንጂ። ድሬ ላይ ከሰዓት በኋላ ጫት የማይቅም ብቸኛ ሰው የት ይሄዳል?

መልስ

ቁልቁለቱን ፔዳሉ ላይ ቆሜ፣ ፍሬን እየያዝኩ ወረድኩ። ኬላው ላይ ያ ሚሊሺያ አልነበረም። ከተማ ስገባ በስሙኒ ፓፓያ ገዛሁ። በአልዪ ደጅ ሳልፍ አስር ሰዓት ሆኖ ነበር፤ ጫማዎቹ በሩ ላይ ተደርድረዋል፤ የማን የማን እንደሆነ ሳላይ አውቃለሁ። ድምፃቸው አሁንም ቀጥ አለ። አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ።

ቤቴ ውሃ አሞቅኩ፣ ጨው ጨመርኩ፣ ሽርጤን አገልድሜ ሳፋው ውስጥ ተቀመጥኩ። ብዙ ሳልቆይ በሩ ተንኳኳ። ሰባት ዓመት የሰው በር ሳንኳኳ ኖሬ፣ የኔ ሲንኳኳ ምን እንደሚባል ጠፋኝ።

አልዪ ነበር። በሩን ገፋ አድርጎ ደፉ ላይ ቆመ።

«ታዴ፣ ሌሎቹ ፈርተው እኔ መጣሁ። ጆሮ ሆኗል፣ የኛን ወሬ ለቀበሌ ያቀብላል ይሉሃል። ወላሂ እኔ አላመንኩም፤ ግን ከአፍህ ልስማ።»

ለካስ እኔ ሕመሜን ስደብቅ እነሱ ደግሞ ከእኔ ራሳቸውን ሲደብቁ ነው የከረምነው። በዚያ ዘመን እንዲህ ባለ ወሬ ሰው ይታሰር ነበር። መነሳት አልቻልኩም፤ ሳፋውን በእጄ አሳየሁት።

«ኪንታሮት ነው፣ አልዪ። አፍሬ ነው።»

አልሳቀም። ገባና የሳፋውን ጎን በእጁ ጀርባ ዳሰሰ።

«አቦ፣ ይሄማ በርዷል። ለብ ማለት አለበት። እኔ ሁለት ዓመት ተቀምጬበታለሁ።»

በራዱን ከምድጃው አነሳና በጥጉ በቀስታ ጨመረልኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ከልጅነቴ ሰምቻለሁ፤ እኔ ግን ከቤቴ አራት በር የራቀውን ሰው ትቼ ተራራ ወጣሁ። አልዪ ወደ በሩ ተመለሰ። ሊሄድ መስሎኝ ነበር። ጎንበስ ብሎ ጫማውን አወለቀና ከኔ ጫማ ጎን አስቀመጠው። በዚያ ደጅ በሰባት ዓመት ውስጥ የሰው ጫማ ሲቀመጥ የመጀመሪያው ነበር።