የሌሉ መንገዶች በነቀምቴ ኮረብታ

ሐሙስ፣ ጎህ ሲቀድ

ከአዲስ አበባ ስንወጣ ያካፋል። ሾፌሩ ዳባ ከነቀምቴ አለፍ ብላ ያለችው የዲጋ ልጅ ነው። "አካም ቡልቴ፣ አዴ?" ብሎ ሰላም አለኝና ጥቅል ንድፌን ገላመጠው። "ምንጣፍ ልትሸጪ ነው?"

ምንጣፍ ሳይሆን የተማሪዎች ማደሪያ ነው። ነቀምቴ ዳር ያለ አንድ ኮሌጅ ኮረብታውን በዶዘር ደልድሎ ረጅም ፎቅ ሊገትርበት አስቧል። እኔ ደግሞ ኮረብታው ሳይነካ ትናንሽ ቤቶች ቁልቁለቱን ተከትለው እንዲወርዱ፣ በረንዳዎቻቸውም እንዲተያዩ አድርጌ ነድፌያለሁ። ተማሪ የጎረቤቱን ስም ሳያውቅ ሲመረቅ ያናድደኛል። ነገ የኮሌጁን የግንባታ ኮሚቴ ካላሳመንኩ ሰኞ ዶዘር ይገባል።

ባኮ ላይ ማንጎ ገዛን። ሻጯ ለዳባ በኦሮምኛ፣ ለእኔ በአማርኛ ዋጋ ነገረችን፤ የአማርኛው ወደድ ይላል። ዳባ እስከ ነቀምቴ ሳቀብኝ።

ዓርብ ረፋድ፣ ነቀምቴ

ቁርሴ አንጮቴ ነው፤ ተቀቅሎ በቅቤ የተለወሰ የወለጋ ሥራሥር። እሱን የበላ ሰው የሚያምረው አልጋ እንጂ ስብሰባ አይደለም።

ንድፉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። ስለ ጉርብትና ብዙ ለፈለፍኩ፤ የሰማኝ የለም። ሰብሳቢው፣ ሽበታሙ ኦቦ ገመቹ፣ አገጫቸውን ይዘው ዝም ብለዋል። በመጨረሻ የኮሌጁ ሒሳብ ኃላፊ ጣታቸውን ቀጫጭኖቹ መስመሮች ላይ አሳረፉ።

"ይሄ ሁሉ የእግር መንገድ ነው?"

አልነበረም። መስመሮቹ ኮረብታው የት ከፍ፣ የት ዝቅ እንደሚል የሚያሳዩ የከፍታ መስመሮች፣ ኮንቱር የሚባሉት፣ ናቸው። ላስረዳ አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

"ልጆቹ ጭቃ ሳይነካቸው ከቤት ቤት ሊሄዱ ነዋ! ባሬዳ!"

"ባሬዳ፣ ግሩም ነው!" አሉ ሌሎቹም።

አፌን መልሼ ዘጋሁት። ኅሊናዬ ትንሽ ቆነጠጠኝ፤ ደስታዬ ግን በለጠ። እጆች ወጡ፣ ንድፌ አለፈ፣ ዶዘሩ ቀረ።

ዓርብ ከሰዓት፣ አኖ

ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ አኖ ከተማ ላይ ሻይ አዘዝን።

"የሌለ መንገድ ሸጥኩላቸው" አልኩት ዳባን።

"ታዲያ ሥሪዋ!"

እውነቱን ነው። የከፍታ መስመር ይዞ የሚሄድ መንገድ ዳገት የለውም፤ ቤትን ከቤት ያገናኛል፤ ተማሪውም ሳይወድ በግዱ ከጎረቤቱ ጋር ይተያያል። እንዴት እስካሁን አልታየኝም? ግን ኮሚቴው እንደተሳሳተ ሲነቃ ንድፌን ይጥለዋል ብዬ ፈራሁ። ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ብዬ ኦቦ ገመቹ ጋ ደወልኩ።

"ኦቦ ገመቹ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እነዚያ መስመሮች..."

"ኮንቱር ናቸዋ!" አሉ። "ዕድሜዬን ሙሉ ጂኦግራፊ አስተምሬ ኮንቱር ይጠፋኛል?"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"አንቺስ ለምን ዝም አልሽ?" ሳቃቸው ከስልኩ አልፎ ዳባ ጋ ደረሰ። "ያ ኮረብታ ሲናድ ማየት አልፈልግም ነበር። በይ ልጄ፣ ሒሳብ ኃላፊያችን ሰኞ ሜትር ይዞ መንገዶቹን ሊለካ ነው። ቶሎ መንገድ አድርጊያቸው።"

ዳባ መኪናውን ሲያስነሳ እኔ የኋላ ወንበር ላይ ንድፉን ዘርግቼ እርሳስ እየቀረጽኩ ነበር።