የሰሎሞን ቁርጥ እና የሴኔቱ ሕግ

«ዛሬ ስልክህን አላነሳም» ብሎ ቴክስት ያደረገልኝ ሰሎሞን የእህቴ ባል ነው። እኔም እዚሁ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ቤቱ ድረስ ነድቼ ሄድኩለት።

ነገሩ ወዲህ ነው። የዛሬ ጥቂት ዓመት ሴኔቱ በሱ ፓርቲ እጅ ነበር። የኛዎቹ ክርክሩን እያጓተቱ የዳኞች ሹመት ሲያግዱባቸው፣ የሱዎቹ የሹመት ክርክር ለመዝጋት ስልሳ ድምፅ የሚጠይቀውን ሕግ በተራ አብላጫ ሻሩት።

ያን ቀን ሰሎሞን ሲልቨር ስፕሪንግ ሥጋ ቤት ጠርቶ ቁርጥ ጋበዘኝ። «ይቺ ለሕጉ ተዝካር!» እያለ በእጁ አጎረሰኝ። ጉርሻ እምቢ አይባል፣ ዋጥኩት።

«የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን ሹመት ግን አልነካንባችሁም» አለኝ፣ እንደ ቸር ሰው።

ዛሬ ሴኔቱ የኛ ነው። የሱዎቹ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን እጩ ሊያግዱ ሲሞክሩ፣ የኛዎቹ በዚያው መንገድ ሄደው የቀረችውንም ሻሯት።

ስገባ ሰሎሞን ምሳ ቀርቦለታል። ሳቀብኝ። «ሁዳዴ ነው ወንድሜ! ቁርጥ ከየት ታመጣለህ?»

እውነቱን ነው፣ የቁርጡን ብድር ለመመለስ ስቸኩል ጾሙን ረስቼው ነበር። ግን በያይነቱ ላይ ሰናፍጭ አየሁ።

እንጀራውን ሰናፍጩ ውስጥ ደህና አድርጌ ነክሬ «ይቺም ለተዝካሩ!» ብዬ አጎረስኩት። ጉርሻ እምቢ አይባልም። ወዲያው አፍንጫውን ይዞ እንባው ዱብ ዱብ አለ።

«አይዞህ፣ ሕጉን እኮ ራሳችሁ ናችሁ የገደላችሁት» አልኩት።

እህቴ «ሴኔቱ ተመልሶ የነሱ ሲሆን ማን ያስጥልሃል?» አለችኝ። ያን ቀን ስልክ የማላነሳው እኔ ነኝ።

እስከዚያው እናንተ ብድራችሁን በምን እንደመለሳችሁ ጻፉልኝ። ሰሎሞንን ታግ አድርጌዋለሁ፤ እንባው ሲደርቅ ያነበዋል።