ወንድሜና የልጁ ፀጉር

ወንድሜ ፀጉር አስተካካይ ነው። እኔ ከጎኑ ክር፣ ቁልፍና ዚፕ እሸጣለሁ። ሁለቱን ሱቆች የሚለያቸው ስስ ጣውላ ነው፤ እሱ ቤት የሚወራው ሁሉ እኔ ጋ ይሰማል፣ እኔ የምቆጣውም ሁሉ እሱ ጋ ይሰማል። በዚህ የተነሳ ደንበኞቹ እኔንም ከፀጉር ቤቱ ዕቃዎች እንደ አንዷ ቆጥረውኛል። ክርክር ሲገጥሙ በጣውላው በኩል "አንቺስ ምን ትያለሽ?" ይሉኛል። ጉዳዩን ባላውቀውም ፈርጄ እሰጣቸዋለሁ።

ስለ ወንድሜ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። መቀሱን ከማንሳቱ በፊት ይጠይቃል። ጨርቁን ደንበኛው አንገት ላይ ያስርና፣ ራሱን በሁለት እጁ ቀና አድርጎ፣ በመስተዋቱ ውስጥ ዓይን ዓይኑን እያየ "እሺ፣ እንዴት ላድርግልህ?" ይላል። ዘመኑን ሙሉ አንድ ዓይነት ቁርጥ ብቻ የሚቆረጠውን ባለ መድኃኒት ቤት እንኳ በመጣ ቁጥር ይጠይቀዋል። ከጆሮዎቻቸው በላይ ጥቂት ነጫጭ ፀጉር ብቻ የቀረላቸው ጡረተኛ አስተማሪ አሉ፤ እሳቸውንም ይጠይቃል። ሰውየው በቁም ነገር ያስቡበትና "ዛሬ ትንሽ አጠር ይበል" ይላሉ። እኔ ከጣውላው ወዲህ ሆኜ ሳቄን አፍኜ እሞታለሁ። አንድ ቀን "ጋሼ፣ ደግሞ እሳቸውን ምን ብለህ ነው የምትጠይቀው?" ስለው፣ "የራሳቸው ራስ ነዋ!" አለኝ።

ለልጆች ግን ሌላ ሥርዓት ነበረው። አንዲት ሳንቃ አለችው። ከወንበሩ ክንድ እስከ ክንድ ትጋደማለች፣ ልጁ እላይዋ ላይ ይቀመጣል፣ ጭንቅላቱም ወንድሜ እጅ የሚደርስበት ቦታ ላይ ይሆናል። እናትየዋ ወይም አባትየው "አጠር አድርገው" ይላሉ፣ በቃ፣ ሥራው ይጀመራል።

የሳንቃዋ ዋና ባለቤት የወንድሜ አንድ ልጅ ነበር። ድንቡሼ ነበር የምንለው። ሲወለድ ጉንጮቹ ዓይኖቹን ሊውጧቸው ደርሰው ስለነበር ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። መቆም ከመቻሉ በፊት ጀምሮ ፀጉሩን ከአባቱ በቀር የነካው ሰው አልነበረም።

ሰባት ስምንት ዓመት ሲሆነው ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ፀጉር ቤቱ ይመጣ ነበር። መጥረጊያ ይይዝና ወለሉ ላይ የወደቀውን ፀጉር ነጩን ለብቻ፣ ጥቁሩን ለብቻ ይከምራል። ለምን እንደሆነ ብጠይቀው "እንዳይደባለቅ ነዋ" አለኝ፤ ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገውም። ያን ጊዜ ለእሱ ሁሉም ነገር ሕግ ነበረው። ተራ የዘለለ ሰው ካየ "ከእርስዎ በፊት እሳቸው ናቸው" ይላል። በዚህ አመሉ የገዛ ትምህርት ቤቱን ርዕሰ መምህር ከወንበር አስነስቷል።

አባቱን ደግሞ እንዴት ነበር የሚያየው! ለክፍል ጓደኞቹ "አባቴ ርዕሰ መምህሩን አገጩን ይዞ ወዲህ ዙር ሲለው ይዞራል፣ ወዲያ ዙር ሲለው ይዞራል" ብሎ አወራላቸው። አላመኑትም። እናም ርዕሰ መምህሩ ሊቆረጥ የመጣ ዕለት አንድ መንጋ ልጅ በሩ ላይ ተደርድሮ ጠበቀ። ወንድሜ ይህን ሁሉ አያውቅም፤ እንደ ልማዱ የሰውየውን አገጭ ይዞ ቀስ ብሎ ወደ ግራ ሲያዞር ከበሩ በኩል "ውይ!" የሚል የብዙ ሰው ድምፅ ተሰማ። ድንቡሼ ለብዙ ጊዜ በክፍሉ የተከበረ ሰው ሆኖ ኖረ።

ቀጥሎ ጓደኛ መጣ፤ የዳቦ ጋጋሪው ልጅ። ከዚያ ወዲህ ወሬው ሁሉ "እሱ እኮ እንዲህ አለ፣ እሱ እኮ እንዲህ አደረገ" ሆነ። ማወዳደርም ጀመረ። የማን አባት መኪና አለው፣ የማን ቤት ስንት ክፍል አለው። አንድ ቀን ሱቄን ከላይ እስከ ታች አየና "አክስቴ፣ ያንቺ ሱቅ ለምንድነው እንዲህ ትንሽ የሆነው?" አለኝ። "አንተ ብስኩት እየበላህ ጨርሰኸው" አልኩት። ሳቀ፤ እኔ ግን እስኪመሽ ተናድጄ ዋልኩ።

የፀጉር ቤቱ ፊትና ኋላው መስተዋት ነው። ድንቡሼ ልጅ ሳለ መሃል ላይ ይቆምና እርስ በርስ እየተያዩ ማለቂያ ላጡት ድንቡሼዎች ሁሉ ምላሱን ያወጣባቸው ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ካለፈው በኋላ ግን ሰው የሌለበትን ሰዓት ጠብቆ ወደ መስተዋቱ ጠጋ ይልና አፍንጫውን ይመረምራል፤ ኮቴ ሲሰማ ፈቀቅ ብሎ ጣሪያ ያያል። ቁመቱ ተመዘዘ፣ ያ ጉንጭ ጠፋ፣ ድምፁ አንዴ ከጉድጓድ አንዴ ከጣሪያ የሚመጣ ሆነ። "አባዬ" ማለትንም ተወ። በምትኩ የመጣ ነገር የለም፤ "እ..." ይልና ወደ ጉዳዩ ይገባል። ወንድሜ ግን በደንበኛ ፊት "ድንቡሼ!" ብሎ መጣራቱን አልተወም። በጠራው ቁጥር የልጁ ጆሮ ቲማቲም ሲመስል እኔ በጣውላው ስንጥቅ አያለሁ። ወንድሜ ቀኑን ሙሉ በሰው ጆሮ ዙሪያ ሲሠራ የሚውል ሰው ሆኖ ይህቺን አላያትም።

ልጁ አሥራ አራት ዓመት ሊሞላው ሲል ያ ነገር መጣ። ፀጉር ቤቱ ሞልቷል። ድንቡሼ ከጓደኛው ጋር ገባ፤ ዓይን ሁሉ ራሱ ላይ አረፈ። ጎንና ጎኑ ተላጭቷል፣ ከጆሮው በላይ ቀጭን መስመር ተሰምሮበታል። ዋናው መንገድ ላይ ባለ ቀለም መብራት የሰቀለ፣ ሙዚቃው መንገደኛ የሚያደነቁር አዲስ ፀጉር ቤት ተከፍቶ ነበር። የፀጉር አስተካካይ ልጅ ሌላ ቤት ሄዶ ተቆርጦ መጣ! ከደንበኞቹ አንዱ "ጋሼ፣ ምነው፣ አባረርከው እንዴ?" አለ።

ወንድሜ መቀሱን አስቀመጠ። ቀስ ብሎ ወደ ልጁ ተጠጋ፣ ዙሪያውን አየ። ክፋት አልነበረውም፤ ያየው ሙያውን ብቻ ነው። "ከጆሮው ኋላ ተንጋዷል። ና ቁጭ በል ድንቡሼ፣ ላስተካክልልህ" አለ። ይህን እያለ እጁ በልማድ ወደ ጥግ ሄደና ሳንቃዋን አንስቶ ወንበሩ ላይ አጋደማት።

ልጁ በቁመት ከእሱ የሚያንሰው በጥቂት ጣት ነበር። አንድ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም ሳቀ። ድንቡሼ ሳንቃዋን አየና "እኔ ሕፃን አይደለሁም!" አለ፤ መሃል ላይ ድምፁ ከድቶት ቀጥኖ ወጣ። እንደገና ሳቁ። እኔ ከወዲህ "አፋችሁን ያዙ፣ እናንተ ትልልቅ ሰዎች!" ብዬ ጮህኩ፤ ልጁ ግን ያን ጊዜ ወጥቶ ሄዷል።

ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ፀጉር ቤቱ ድርሽ አላለም። ከትምህርት ቤት ሲመለስ በጀርባ መንገድ ይዞራል። ወደ ዋናው መንገድም ተመልሶ አልሄደም፤ ፀጉሩን ዝም ብሎ አሳደገው። ራት ላይ አባቱ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ጆሮውን የሸፈነውን ፀጉር እየነቀነቀ፣ ሳህኑን እያየ ይበላል። ለፀጉር አስተካካይ ከዚህ የከፋ ምን ቅጣት አለ? ወንድሜ እህሉን ትቶ፣ ወደዚያ ፀጉር እንዳይሄድበት እጁን ጠረጴዛው ሥር ይደብቅ ነበር።

አንድ ቀን ሱቄ መጥቶ በርጩማዬ ላይ ተቀመጠ። ሚስቱም ከሥራ መልስ እኔ ጋ ነበረች፤ ሆስፒታል ውስጥ አንሶላ በሚታጠብበት ክፍል ነው የምትሠራው፣ እጆቿ ሁልጊዜ ሳሙና ሳሙና ይሸታሉ።

"ልጄ ሄደብኝ" አለ። "እንዴት እንደምመልሰው አላውቅም።"

"ጆሮውን ይዘህ ወንበሩ ላይ ቁጭ ታደርገዋለህ!" አልኩት። እኔ ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረብኝም።

ሚስቱ ረጋ ብላ "ለደንበኞችህ የምትለውን ለራስህ በለዋ" አለችው። ቁርጡ አልጥም ብሎት ፊቱን የሚያጨማድድ ደንበኛ ሲያጋጥመው ወንድሜ "አይዞህ፣ ይበቅላል" ነው የሚለው። ፈገግ ሊል ሞከረ፣ አልሆነለትም። በማግሥቱ ሳንቃዋን አምጥቶ ከቁልፍ ካርቶኖቼ ኋላ ሸጎጣት። "ዓይኔ ባያያት ይሻላል" አለኝ። ከዚያ በኋላ ሕፃናቱን ትራስ ደራርቦ ነበር የሚያስቀምጣቸው፤ እየተንሸራተቱ አሳራቸውን ያያሉ።

ድንቡሼ የጃኬቱ ዚፕ ተበላሽቶበት አባቱ ምሳ የወጣበትን ሰዓት አይቶ እኔ ጋ መጣ። ዚፕ ስመርጥለት ሳንቃዋን ከካርቶኑ ኋላ አያት።

"ይቺ እዚህ ምን ትሠራለች?"

"አባትህን ጠይቀው" ልለው ነበር፣ ምላሴን ያዝኩ። "አባትህ ዓይኔ እንዳያያት ብሎ ነው" አልኩት።

ጫፏን በጣቱ ነካ። ልጅ ሳለ በእስክሪብቶ የሞነጫጨረው ነገር አሁንም ይታያል። ዚፑን ተቀብሎ ሳይሰናበተኝ ወጣ፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ጠርቼ እመክረው ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ያ አገጩን የምናውቀው ርዕሰ መምህር "ፀጉርህን ሳትቆረጥ እንዳትመጣ" አለው። ወሬው ከልጁ ቀድሞ ሰፈር ደረሰ። ወዴት ይሄዳል? ሰው ሁሉ የሚጠብቀው ይህን ነበር። ወንድሜ በጣውላው በኩል ድምፁን ዝቅ አድርጎ "አሁንም እዚያ ከሄደ፣ በቃ፣ ከእኔ ቆርጧል ማለት ነው" አለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ሱቄ በር ላይ ቆሜ አየሁት፣ መጣ። የፀጉር ቤቱን በር አለፈ። እስከ ጥጉ ሄደ፣ ዋናው መንገድ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ቆመ፣ ጫማውን አየ፣ ከዚያ ዞሮ ተመለሰና ገባ። ወደ አባቱ አልሄደም። ተራ በሚጠበቅበት አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ከጡረተኛው አስተማሪ ቀጥሎ ተቀመጠ። አስተማሪው "አንተማ የቤት ልጅ ነህ፣ ቅደም" አሉት።

"ከእኔ በፊት እርስዎ ነዎት" አለ።

ወንድሜ የአስተማሪውን ያቺን ጥቂት ፀጉር እንደዚያ ቀን ተጨንቆ ቆርጧት አያውቅም። በመጨረሻ የልጁ ተራ ደረሰ። ልጁ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ትራስም የለ፣ ሳንቃም የለ። ወንድሜ ጨርቁን አሰረ፣ ራሱን በሁለት እጁ ቀና አደረገ። መስተዋቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ተያዩ። እኔ በጣውላው ስንጥቅ እያየሁ "ድንቡሼ እንዳትለው፣ ስለዚያ መስመር እንዳታነሳ፣ ዝም በል" እያልኩ በሆዴ እለምነዋለሁ።

"እሺ" አለ ወንድሜ። "እንዴት ላድርግልህ?"

እኔም ገና ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ባለ መድኃኒት ቤቱን፣ ርዕሰ መምህሩን፣ ፀጉር አልባውን አስተማሪ ሳይቀር የሚጠይቀውን ነገር ይህን ልጅ አንድም ቀን ጠይቆት አያውቅም። ወንድሜም የገባው መሰለኝ፤ ፊቱ ተለወጠ። ጎንበስ ብሎ ለልጁ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ደገመው። "እንዴት ላድርግልህ?"

ልጁ ለጠብ የሚሆን መልስ ነበር አዘጋጅቶ የመጣው፤ ይህን ጥያቄ አልጠበቀም።

"ጎኑ አጠር ይበል... ላይኛው ግን... አላውቅም" አለ። በመስተዋቱ ውስጥ አባቱን ቀና ብሎ አየና "አንተስ እንዴት ቢሆን ይሻላል ትላለህ፣ አባዬ?" አለ።

ክር ልትገዛ የመጣች ሴትዮ ዓይኔን አይታ "ምን ሆነሽ ነው?" አለችኝ። "የክሩ ብናኝ ነው" አልኳት። አለቀስኩ እንጂ ምን ብናኝ አለ!

ሁለቱ ቤት ሊሠሩ እንዳሰቡ ሰዎች ተመካከሩ። ይህ ቢሆንስ፣ ያ ቢሆንስ። ከዚያ መቀሱ ሥራውን ጀመረ። ሲጨርስ ወንድሜ ለደንበኞቹ እንደሚያደርገው ትንሿን መስተዋት ከኋላ ያዘለት። ልጁ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ዞሮ አየና "ከጆሮዬ ኋላ አልተንጋደደም?" አለ። ወንድሜ እስኪያስለው ሳቀ።

ልጁ ከወንበሩ እንደተነሳ አንዲት እናት ትንሽ ልጅ ይዛ ገባች። ወንድሜ በልማድ ወደ ጥግ ዞረና ባዶውን ሲያይ ቆም አለ። ድንቡሼ፣ ወይ ጉዴ፣ ከእንግዲህ እንደዚያ ልለው አይገባም፣ የወንድሜ ልጅ ወደ እኔ ሱቅ መጣ። ከካርቶኖቹ ኋላ ሳንቃዋን አወጣ፣ በእጅጌው አቧራዋን ጠረገ፣ ወስዶ ወንበሩ ላይ አጋደማት። ትንሹንም ልጅ በብብቱ ይዞ አነሳና አስቀመጠው።

"አጠር አድርግልኝ" አለች እናትየዋ።

ወንድሜ ጨርቁን አሰረ፣ ወደ ትንሹ ልጅ ጎንበስ አለ። "እሺ ጌታው፣ እንዴት ላድርግልህ?"

ልጁ ወደ እናቱ ዞረ። እናትየዋ ልትመልስ ስትል ወንድሜ "እሱን ነው የጠየቅኩት፣ እመቤቴ" አላት።

ትንሹ ልጅ መስተዋቱን አየና ማሰብ ጀመረ። ወንድሜ መቀሱን ይዞ ቆሞ ጠበቀው።